ስንት ሆናችሁ ዋጣችሁት

ኬሌፒ ወንበሩን በእግሩ ገፍትሮ ተነሳና ባዶውን የመድኃኒት ካርቶን የነርሷ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

"ኖራ ነው የሰጣችሁን" አለ። "የግድግዳ ኖራ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባቴን ኖራ አስዋጣችሁት።"

ነርስ ላቪኒያ ካርቶኑን አንስታ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። እዚህ ማንገሬ ሰፈር ውስጥ ነርስ ሆኖ ያልተሰደበ የለም። የኦክላንድን ከተማ ሙሉ ብትዞር እንደኛ ሰፈር ሰው ተሳድቦ ወጥቶ፣ በሳምንቱ ኬክ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ የሚመለስ አታገኝም። እሷም ስድቡን ሰምታ ኬኩን ትጠብቃለች።

"ተቀመጥ ኬሌፒ።"

"አልቀመጥም። ከመድኃኒቱ በፊት ተመረመረ፣ ባክቴሪያው አለ አላችሁ። ከመድኃኒቱ በኋላ ተመረመረ፣ አሁንም አለ አላችሁ። ታዲያ መሃል ላይ ምን ስንሠራ ነበር? ብልቃጥ ስንሞላ?"

ብልቃጥ መሙላቱ እንኳን እውነት ነው። አባቱ ሞሴሴ ስልሳ ሊደፍን ነው፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሰገራውን ቢጫ ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርጎ ለገዛ ልጁ እንዲሰጥ ማሳመን ዶሮ ዋና ከማስተማር ይብሳል። ኬሌፒ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ የእሁድ መዝሙር እየዘመረለት ነው ያስጨረሰው። ኤርፖርት አብረውት ሻንጣ የሚጭኑት ልጆች ይሄን ሲሰሙ አንዱ ከጋሪው ላይ ወድቋል። ዛሬ ግን አያስቅም።

ላቪኒያ እሱን ተወችውና ወደ ሽማግሌው ዞረች። ሞሴሴ ጥጉ ጋ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ግድግዳው ላይ ስለ ሕፃናት ጥርስ የተለጠፈውን ያነባል። ሰውየው እንግሊዝኛ ማንበብ እንዴት እንደሚጠላ ልጁ ያውቃል።

"አባባ ሞሴሴ" አለች በኛው በቶንጋ ቋንቋ። እናቷ ቶንጋ ውስጥ ከነሞሴሴ ደሴት ናት። "ስንት ሆናችሁ ዋጣችሁት?"

ኬሌፒ ሳቀ። "ምን ማለት ነው ስንት ሆናችሁ? የታመመው አንድ ሰው ነው።"

ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ አንድ ዙር ዞረ።

"ብዙ አይደለንም" አለ ሞሴሴ።

ኬሌፒ ሳያስበው ቁጭ አለ።

"እነማን ናችሁ?"

"እህቴ፣ እትዬ አኮሲታ፣ ሆዴን ያቃጥለኛል አሉ። ሰጠኋቸው። እሳቸው ደግሞ..." ሞሴሴ እጁን እንደ ዘር በታኝ ወደ ፊት ዘረጋው።

"እሳቸው ደግሞ ምን?"

"ማዕድ ላይ ለነበረው ሁሉ ደረሰው። ለፓስተሩም።"

"ለፓስተሩም" አለ ኬሌፒ። "ቆረባችሁበታ።"

ላቪኒያ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን ስትውጥ ፊቷ ክፉ ሆነ።

"አባባ፣ ይስሙኝ። ይሄ ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ የሚኖር ነው። መድኃኒቱን ሙሉ ሲያገኝ ይሞታል። ቁንጥር ቁንጥር ሲደርሰው ግን ይለምደዋል። የርስዎ ለምዶታል። ሌሎቹም ካለባቸው የነሱም ለምዶት ይሆናል።"

"ሰው ለጠየቀው መስጠት..."

"አውቃለሁ። ካሜራው ምን እንዳሳየ ያስታውሳሉ?"

ሞሴሴ መሬት አየ። ያስታውሳል። ያ ካሜራ ያለው ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ ወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸልዮ አያውቅም።

"ካንሰር አይደለም" አለች ላቪኒያ። "የጨጓራዎ ሽፋን ግን ሳስቷል፣ መልኩን መለወጥ ጀምሯል። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል አልልዎትም፤ አብዛኛው ምንም ሳይሆን ያረጃል። በርስዎ ቤት ግን ወንድምዎ ሲያኦሲ በዚሁ ካንሰር ሞተዋል። በርስዎ ሆድ ደግሞ መንገዱ ተጀምሯል። አሁን ብንገድለው እዚያው ላይ የመቆም ዕድል አለው። ከተውነው ምን እንደሚሆን ሲያኦሲን አይተዋል።"

የሲያኦሲ ስም ሲጠራ ባርኔጣው እንደገና መዞር ጀመረ።

ላቪኒያ አዲሱን መድኃኒት አወጣች። "ይሄኛው ጠንካራ ነው። በቀን አራት ጊዜ ነው የሚወሰደው። አፍዎ ብረት ብረት ይላል፣ ምላስዎ ይጠቁራል፣ ሰገራዎም ይጠቁራል፣ አይደንግጡ። ቢራ የለም። ማካፈልም የለም። ይሄ ከከሸፈ ሌላ እንሞክራለን፤ ግን በሩ እየጠበበ ነው የሚሄደው።"

"ቆይ፣ ከየት ነው የሚመጣው?" አለ ኬሌፒ። "አባዬ ከየት አመጣው?"

"አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ነው የሚይዘው። ከቤት ሰው፣ በአፍ። ለሕፃን ምግብ አኝኮ በማጉረስ ይሆናል፣ በውሃም ይሆናል። ቁርጡን የሚያውቅ የለም።"

ባርኔጣው መዞሩን አቆመ።

"ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር" ብላ ቀጠለች። "ኦሜፕራዞል፣ የቃር ኪኒኑን ማለቴ ነው፣ እሱን የሚውጥ ሰው ካለ ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ያቁም። እሱ ይደብቀዋል እንጂ አይገድለውም።"

ኬሌፒ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። የቃር ኪኒኑ ማሸጊያ ቅጠል እዚያው ነበር፣ ሁለት ጉድጓዱ ብቻ ሙሉ።

"ብልቃጥ ስጪኝ" አለ።

"ስንት?"

"ያለሽን ሁሉ።"

*

መኪናው ውስጥ ኬሌፒ መሪውን ማነቅ ነው የቀረው።

"እምቢ ማለት አትችልም ነበር?"

ሞሴሴ ያበደ ሰው እንደሚያይ አየው። "እህቴን?"

እዚህ ላይ ክርክር የለም። እኛ ዘንድ ወንድም እህቱን እምቢ አይልም፤ የወንድም ልጅማ አክስቱ ፊት ድምፁን አያሰማም። አክስት አኮሲታ ሠርግ ሲሆን ምርጡን ምንጣፍ ይወስዳሉ፣ ቀብር ሲሆን ከሬሳው ራስጌ ይቀመጣሉ፣ የወንድማቸው አዲስ ማቀዝቀዣ ደስ ካላቸው አስጭነው ይሄዳሉ። አምና ደስ ብሏቸው ነበር። ውስጡ የነበረው የኬሌፒ ቢራም አብሮ ሄዷል።

"ማቀዝቀዣ ሌላ ነገር ነው አባዬ። ይሄ ሆድህ ነው።"

"ታዲያ ማዕድ ላይ ሰው እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ቀብርህ ላይ ምን እንደሚል ልንገርህ? 'አሳማው ጨው በዝቶበታል' ነው የሚለው። ሲያኦሲ ቀብር ላይ ያሉት እሱን ነው። እኔ ነኝ የጠበስኩት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ሞሴሴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። የቆርቆሮ ሥጋ የሚሸጠው ሱቅ አለፈ፣ ቤተክርስቲያኑ አለፈ፣ ሌላ ቤተክርስቲያን አለፈ።

ሲያኦሲ የሞሴሴ ታላቅ ነበር። ኮንቴይነር በር ብቻውን የሚያነሳ ሰው። ዓመታት ሙሉ ጓንቱ ውስጥ የቃር ኪኒን ይዞ ይዞር ነበር፤ ሥራ ላይ አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት አንድ። ሰዉ ነፋስ ነው አለው። አክስት አኮሲታ ሆዱን በኮኮናት ዘይት አሹት። ፓስተሩ ጸለዩለት። ሁሉም አንድ አንድ ነገር አደረገለት፣ ሐኪም ቤት የወሰደው ግን የለም። ደም ሲያስታውከው ጊዜ ወሰዱት፤ ያኔ ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ መልሶ ሰፋው። መጨረሻ ላይ ኬሌፒ ገላውን ሲያጥበው የአንድ ልጅ ያህል ነበር የሚከብደው። ያን ቀን የጀመረው ንዴት እስካሁን አልለቀቀውም። በማን ላይ እንደሆነ ግን ራሱም አያውቀውም፤ ስለዚህ ለደረሰ ሁሉ ያድለዋል፣ ልክ እንደ አክስቱ።

"እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርስ አላበቀልኩም" አለ ሞሴሴ፣ ከመስኮቱ ሳይዞር።

"አውቃለሁ።"

"እትዬ ናቸው ያሳደጉን። ያሙን እያኘኩ..."

"ነርሷ ስትናገር ሰምቻለሁ አባዬ።"

"ይሄን ነገር እሳቸው ፊት እንዳታነሳ።"

ኬሌፒ ማርሽ ቀየረ እንጂ እሺ አላለም።

"መድኃኒቱ ከኔ ጋ ነው የሚቀመጠው" አለ። "በቀን አራቴ እየመጣሁ አስውጥሃለሁ። ምላስህንም አያለሁ።"

*

ቅዳሜ ዕለት እህቱ ቪካ ለእሁድ ምሳ የያም ሥር ትልጣለች፣ ኬሌፒ ደግሞ አባቱ ፊት ቆሟል።

"ምላስህን አውጣ።"

"ዋጥኩ አልኩህ።"

"አውጣ።"

ሞሴሴ አወጣ። ከጫፉ ጥቁር መሆን ጀምሯል። ኬሌፒ ደስ አለው፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲል አባቱ በጫማ ወረወረው። ጫማው ያሙ ላይ አረፈ።

"ሁለታችሁም ከዚህ ጥፉልኝ" አለች ቪካ። አባታቸው ወደ ጓዳ ሲገባ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ነገ አክስቴ ይጠይቁታል፣ ታውቃለህ አይደል?" አለች። "አዲስ መድኃኒት መምጣቱን ሰምተዋል። ዛሬ ጠዋት ደውለው 'ይሄኛው ይሻላል አሉ' ብለውኛል።"

"ማን ነው የነገራቸው?"

"ማንም። ሁሉም።"

"እምቢ እላቸዋለሁ።"

ቪካ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "አንተ? አክስቴን? ሰው ፊት? ጨርሰህ አብደሃል እንዴ? አባዬ በሐፍረት ይሞታል።"

"በሐፍረት የሞተ ሰው አላየሁም። በሌላው ግን አይቻለሁ።"

"እሱማ እውነት ነው።" መላጧን ቀጠለች። ቆየት ብላ፣ ዓይኗን ከያሙ ሳታነሳ፣ "እኔም ያን ጊዜ ሦስት ውጫለሁ" አለች።

"ምን?"

"ሮዟን ሁለት፣ ነጯን አንድ። አክስቴ ሲሰጡኝ ምን ልበል? ቫይታሚን መስሎኝ ነው።"

"ቫይታሚን? አንቺ ራስሽ ፋርማሲ ውስጥ አይደል እንዴ የምትሠሪው?"

"ፋርማሲ ውስጥ ሻምፖ ነው የምሸጠው አቦ። አትጩህብኝ።"

የኬሌፒ ንዴት ከሆዱ ተነስቶ ደረቱ ላይ ወጣ፤ ወይ ቃሩ ነው፣ ሁለቱን መለየት ካቆመ ቆይቷል። ዞር ብሎ ከኪሱ አንድ የቃር ኪኒን አወጣና ያለ ውሃ ዋጣት። ቪካ አየችው።

"አንተስ?" አለች።

"ሥራ ላይ የምበላው ጥብስ ድንች ነው የሚያቃጥለኝ።"

"ሲያኦሲም ድንች ነው ይል ነበር።"

"ያምሽን ላጪ" አላት።

*

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ምሳው አክስት አኮሲታ ቤት ነው። ኬሌፒ ከንጋት ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ጉድጓዱ ላይ ነበር፤ ድንጋዩን አግሎ፣ አሳማውን፣ ጎደሬውንና በኮኮናት ወተት ተርሶ የተጠቀለለውን ቅጠል ቀብሮ፣ በአፈር ሸፍኖ። የኛ ወጣት ወንድ እሁድ እሁድ ሥራው ይሄ ነው፤ ያበስላል፣ ያቀርባል፣ ትልልቆቹ እስኪጠግቡ ቆሞ ዝንብ ያባርራል። ዛሬ በሥራው ደስ ብሎታል። ያቀረበ ሰው ምን እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ራሱ ነው።

አክስት አኮሲታ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል፣ በቶንጋ ወግ ወገባቸው ላይ የተጎነጎነውን ምንጣፍ እንደታጠቁ። በቀኛቸው ፓስተሩ፣ በግራቸው ሞሴሴ፣ ከዚያ በታች የአክስትየዋ ልጆች ከነትዳር ጓደኞቻቸው። ኬሌፒ ሳህኖቹን ደረደረ። ከያንዳንዱ ሳህን አጠገብ ቢጫ ክዳን ያላት ብልቃጥ አስቀመጠ፣ ሥርዓት ባለው አስተናጋጅ እጅ፣ እጀታውን ሰብስቦ።

ጸሎቱ ረዘመ። አሜን ሲባል ፓስተሩ ብልቃጧን አንስተው ከፈቷት። ክዳኗ ሥር ትንሽ ማንኪያ ተሰክታለች። ወደዷት።

"ጎበዝ" አሉ። "ለጨው ነው ልጄ?"

"ለሰገራ ነው ፓስተር።"

ፓስተሩ ማንኪያዋን በሁለት ጣት እንደያዙ ቀሩ። ከታች በኩል አንድ ሰው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ቪካ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ጣራውን ታያለች።

"አዲስ ናት፣ ማንም አልተጠቀመባትም" አለ ኬሌፒ። "ሁላችሁም የአባዬን መድኃኒት ውጣችኋል አይደል? እንግዲህ መድኃኒቱን የወሰደ ምርመራውንም ይውሰድ። ነርስ ላቪኒያ ጋ ደውሉ፣ ወረቀቱን እሷ ትጨርሳለች።"

ሞሴሴ አንገቱን ደፋ። ኬሌፒ የእኩለ ቀኑን መድኃኒት ከካርቶኑ አውጥቶ፣ በትንሽ ሳህን ከውሃ ጋር አባቱ ፊት ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። ሊያደርስ ሲል አክስት አኮሲታ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"እሱ ነው አዲሱ?"

"አዎ አክስቴ።"

"ጥሩ። ካርቶኑን ወዲህ አምጣው።"

መዳፋቸው ሰፊ ነው፣ የዘር ያም የቆፈረ መዳፍ። እንደተዘረጋ ቆየ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ካርቶኑ ወደዚያ መዳፍ ሲሄድ አስቀድሞ አይቶታል፤ የማይሄድ ነገር ማየት የለመደ የለም።

"ስጣቸው" አለ ሞሴሴ በሹክሹክታ።

"አይሆንም" አለ ኬሌፒ።

ቪካ "ኬሌፒ" አለች ከበሩ።

"ምን አልከኝ?" አሉ አክስት አኮሲታ። አልጮኹም።

"አይሆንም አልኩ አክስቴ። ይሄ የአንድ ሰው ነው። አሳማ አይደለም፣ እግሩ ለእገሌ፣ ጭንቅላቱ ለእገሌ እየተባለ አይቆረስም። ባለፈው ቆረሳችሁት፣ አባዬ ሳይድን ቀረ። ባክቴሪያው ብቻ ተማረበት። ካሜራ ገብቶ ሆዱ ምን እንደሚመስል አይታችኋል? ሲያኦሲ የሄደበትን መንገድ ጀምሯል። እናንተ ግን መርቃችሁ ታከፋፍላላችሁ።"

"የሲያኦሲን ስም በዚህ አፍህ አትጥራ። እሱን የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

"ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"ሲወለድ ያጠብኩት ደግሞ እኔ።"

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እንዲያቆምም የሚያስችል ክፍተት ነበረው፤ ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ጥቅስ ሊጀምሩ ነበር። ንዴት ግን ልክ እንደ ሸክም መኪና ነው፣ ቁልቁለት ላይ ከተለቀቀ ወዲያ ፍሬኑን መርገጥ ለወጉ ነው።

"ታዲያ ከየት ያመጡት ይመስልዎታል?" አለ ኬሌፒ። "ሁለቱም፣ አባዬም ሲያኦሲም። በልጅነት ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚተላለፈው። ማን ነው እያኘከ ያጎረሳቸው?"

ሞሴሴ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። እጁ ተነስቷል። ልጁን ከመታው ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ግን ሊመታው ነው፣ ኬሌፒም ጉንጩን አልሸሸገም። አክስት አኮሲታ ወንድማቸውን ሳያዩ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ሆዱ ላይ አሳረፉት። ሞሴሴ ባለበት ቆመ።

"ነርሷ ናት እንደዚህ ያለችህ?"

አዎ ማለት ይችል ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ከአፉ ብትወጣ ያሸነፈ ይመስላል።

"አይደለም" አለ። "ይሆናል ነው ያለችው። ውሃም ይሆናል ብላለች። ቁርጡን የሚያውቅ የለም ብላለች።"

አክስት አኮሲታ ጠረጴዛውን አዩ። የሰው ሁሉ ምግብ እየቀዘቀዘ ነው፣ የአሳማው ስብ ሳህን ላይ መንጣት ጀምሯል።

"ወተት የምታመጣው መርከብ ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትቀራለች" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "እናታችን ሞታለች። አባታችን ባሕር ላይ ነው። ሞሴሴ ያለቅሳል። ጥርስ የለውም። እኔ ነበረኝ።"

ወደ ኬሌፒ ዞሩ።

"ባላኝክለት ኖሮ ዛሬ ሰው ፊት የምታዋርደው አባት አይኖርህም ነበር። አሁንም ያ ቀን ቢመለስ አኝክለታለሁ። ገባህ?"

"ገባኝ አክስቴ።"

"አልገባህም።" ብልቃጧን አንስተው ክዳኗን ጠመዘዙ፣ ገልብጠው አዩአት፣ ነቀነቋት። "ይሄ ነገር ይገጥማል? እንዳያፈስ።"

"ይገጥማል።"

ብልቃጧን ምንጣፋቸው ሥር፣ መሐረባቸውን የሚያኖሩበት ቦታ ከተቷት። ከዚያ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። "አሁን አምጣ። ካርቶኑን አላልኩም። የአሁኑን።"

ኬሌፒ አባቱን አየ፣ መዳፉን አየ። የዛሬው እኩለ ቀን ብቻ ነው፤ ቢበተን አንድ ጊዜ ነው የሚበተነው። ትንሿን ሳህን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። ካርቶኑን ብብቱ ሥር ያዘ።

አክስት አኮሲታ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "ተቀመጥ" አሉት። ሞሴሴ ወንበሩን አንስቶ ተቀመጠ። "አፍህን ክፈት።"

ያ ነጭ ጢም ያለው፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌው ሰውዬ አፉን ከፈተ። ጥቁር ምላሱ ታየ፤ አንዷ የልጅ ሚስት "ኢየሱስ" አለች። እህቱ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ አጎረሱት፣ በመሃሉ ውሃ እየሰጡ፣ በአውራ ጣታቸው አገጩን እየጠረጉ። የመጨረሻዋን ሲውጥ ጉሮሮው እስኪንቀሳቀስ ጠበቁ።

"ከዛሬ ጀምሮ ይሄን መድኃኒት ከሱ በቀር የሚነካ ሰው ጠቡ ከኔ ጋር ነው" አሉ ለጠረጴዛው። "ፓስተርም ቢሆኑ።" ፓስተሩ ማንኪያዋን በፍጥነት ብልቃጧ ውስጥ መለሱ።

ከዚያ ኬሌፒን አዩት። ዓይናቸው ደርቋል።

"አንተ ውጪ ትበላለህ። እኔ ካልጠራሁህ በቀር እዚህ ቤት አትገባም፤ ለሠርግም፣ ለቀብርም። የኔም ቢሆን። ካርቶኑን ለቪካ ስጣት።"

ካርቶኑን ለቪካ ሰጣት። አባቱ ቀና ብሎ አላየውም።

*

ጉድጓዱ ጋ ድንጋዮቹ ገና ይግላሉ፤ ከሥራቸው ፍም ቀርቷል። ኬሌፒ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ያሰበው ሆኗል። መድኃኒቱ ሙሉ ነው፣ ከእንግዲህ ያንን ካርቶን ወታደር ቢጠብቀው እንኳ ይሄን ያህል አይጠበቅም። ታዲያ ንዴቱ ለምን አልበረደም? ቤቱ ውስጥ ማንም ተሳስተን ነበር አላለም። እሱም አላለም።

በመስኮቱ የሹካ ድምፅ ይሰማል። መብላት ጀምረዋል። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ የፓስተሩ ወፍራም ሳቅ። ስለ ማንኪያዋ መሆን አለበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄን ሳቅ ለሁለት ወር ሥራ ላይ ይተርከው ነበር።

ቪካ ሳህን ይዛ መጣች። አሳማው ከቆዳው ጋር ነው፣ ጥሩው ቦታ።

"ማን ነው የላከው?"

"ማንም አልላከውም። ብላ።"

"አክስቴ ናቸው?"

"አልኩህ እኮ ማንም።" ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አኖረች። ከሽርጧ ኪስ ደግሞ ብልቃጥ አውጥታ አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ፣ ያልጋለው ላይ፣ አቆመቻት።

"አንድ ተርፋለች" አለች።

"የኔ አይደለችም።"

"የማን ናት?"

"እንጃ። ውሰጃት።"

"ሁሉንም ሰው ሰው ፊት አዋርደህ ስታበቃ" አለች ቪካ። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተመልሳ ገባች። በሩን ለመዝጋት የተጠቀመችው ኃይል ቀሪውን ተናግሯል።

ኬሌፒ አሳማውን በላ። ተናዶም ይበላል፤ በዚህ አይታማም። ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ቃሩ እንደ ልማዱ መጣ፣ ከእንብርቱ በላይ ተነስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ። እጁ ራሱ ኪሱ ገባ። ቅጠሉ ላይ የቀረችው አንዲት ፍሬ ናት። ሱቁ ማዕዘኑ ላይ ነው፣ እሁድም ክፍት ነው፣ ሌላ ቅጠል ለመግዛት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሲያኦሲም እዚያው ሱቅ ነበር የሚገዛው።

ፍሬዋን በአውራ ጣቱ ከላይዋ ነካ ነካ አደረጋት። ከነቅጠሏ ፍሙ ላይ ጣላት።

መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ላስቲኩ ተጨማደደ፣ ብርማው ወረቀት ጠቆረ፣ ክፉ ሽታ ሸተተ። ከመስኮቱ አክስት አኮሲታ "ይሄ ልጅ ደግሞ ምን እያቃጠለ ነው?" ሲሉ ተሰማ።

ቃሩ እስከ ጉሮሮው ወጣ። ኬሌፒ መልሶ ዋጠው። ብልቃጧን አንስቶ ኪሱ ውስጥ፣ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ከተታትና ሳህኑን ወደ ጉልበቱ ሳበ።